በመኪና የመጣ አህያ

ልጅ ሳለሁ ከጅብ ይልቅ የምፈራው በመኪና የመጣን አህያ ነበር። ይሳቅብኝ፣ ግድ የለም። ጅብን ማንም ይፈራዋል፤ እኔ ግን መቀሌ፣ ዓይደር በነበረው ቤታችን ደጃፍ አህያ የጫነ አይሱዙ ሲያልፍ ካየሁ የያዝኩትን ጥዬ ወደ ውስጥ እሮጥና የእናቴ ቀሚስ ሥር እወሸቅ ነበር። «ደግሞ ምን አየሽ?» ትለኛለች። «አህያ!» እላለሁ። ጎረቤቶቻችን ልጅቷን ትንሽ ነካ ያደርጋታል ሳይሉ አልቀሩም።

ይህን ፍርሃት ያሳደሩብኝ አያቴ ናቸው፤ የእናቴ አባት፣ አቦይ ኪሮስ። ሊያስፈራሩኝ ብለው አልነበረም። እሳቸው የሚያወሩት የኖሩበትን ሥራ ነው። በጉብዝናቸው ዘመን አርሖ ነበሩ፤ አርሖ በእኛ አገር ግመልና በቅሎ፣ አህያም አስከትሎ ወደ ዐፋር በረሃ የሚወርድ፣ ከጨው ሜዳው አሞሌ ጭኖ ወደ መቀሌ የሚወጣ ሰው ነው። ቤታቸው ከመቀሌ ወጣ ብላ ባለችው ቁሓ ነበር። ጨዋቸውን እስከ ቆቦና ወልድያ ይዘው ይወርዱ ስለነበር አማርኛውን እንደ ልባቸው ይናገሩታል፤ ከአባቴ ጋር የሚግባቡትም በዚሁ ነው። አባቴ የደሴ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር መጥቶ እናቴን አገኘና በዚያው ቀረ። ትግርኛው ግን ከሰላምታ አላለፈለትም፤ ስለዚህ ቤታችን የሚወራው አማርኛ ነበር፣ አቦይ ሲቆጡና ሲጸልዩ ካልሆነ በቀር።

ሴት አያቴ ባረፉ በዓመቱ፣ የአቦይም ዓይን ሞራ እየለበሰ ሲመጣ፣ እናቴ «ብቻቸውን አይሆኑም» ብላ ወደ እኛ ልታመጣቸው ቆረጠች። አባቴ ከባልደረባው መኪና ተዋሰና ቀትር ላይ ቁሓ ሄደን ጫንናቸው። ጫንናቸው የምለው ሌላ ቃል አጥቼ አይደለም። ከኋላ ወንበር፣ በእናቴና በተጠቀለለ ፍራሽ መሃል ተቀምጠው፣ መስኮቱን የልብስ ጥቅል ሸፍኖት፣ እኔ ደግሞ ጉልበታቸው ላይ ተቀምጬ መጣን። ዓይደር ደርሰን ሲወርዱ ቆም አሉ። ፊታቸውን ወዲያ ወዲህ አዞሩ፤ አየሩን ሳብ ሳብ አደረጉ። ከዚያ «በየት ነው የመጣነው?» ብለው ጠየቁ።

«በአስፋልት ነዋ፣ አቦይ!» አለች እናቴ፤ ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም።

ያኔ መብራት የማይጠፋበት ምሽት ጥቂት ነበር። መብራቱ ሄደ ማለት ለእኔ አቦይ ሊያወሩ ነው ማለት ስለሆነ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ኤጭ!» ሲል እኔ በልቤ እልል እል ነበር። እናቴ ፈርኔሎውን፣ ያቺን የከሰል ምድጃ፣ በረንዳ ላይ አቀጣጥላ ጭሱ ሲያልቅ ወደ ውስጥ ታስገባታለች፤ በቆሎ ትደረድርባታለች። ፋኖሱ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል። አቦይ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው፣ ፍሙ ላይ አተኩረው ይጀምራሉ። ዓይናቸው ከፍሙ ሌላ ብዙም የሚያየው አልነበረም፤ እሱም ቀይ ጭጋግ ሆኖ ነው የሚታየኝ ይሉ ነበር።

ስለ ንጉሥ ልጅና ስለ ብልጧ ቀበሮ አያወሩም። «እሱን ሌላ ሰው ያውራልሽ» ይላሉ። የእሳቸው ወሬ ስለ መንገድ ነበር፤ እንስሳ መንገድን እንዴት እንደሚማርና እንዴት እንደማይረሳ። ደማም የሚሏት በቅሎ ነበረቻቸው። አንድ ቀን ጨው ሜዳው ላይ ነፋስ ተነስቶ ሰማይና ምድሩን ነጭ ሲያደርገው፣ ሰዎቹ አንዱ በዚህ ነው ሌላው በዚያ ነው እያሉ ሲጣሉ፣ አቦይ የደማምን ገመድ ለቀቁላት። አንገቷን ዝቅ አደረገች። አሸተተች። ጥቂት ሄዳ ቆመች፣ በሰኮናዋ መሬቱን ነካ ነካ አደረገች፣ እንደገና ሄደች። እነሱም አፋቸውን ይዘው ተከተሏት፤ ውኃው ጉድጓድ አፍ ላይ አደረሰቻቸው። «ሰው መንገድ የሚያውቀው በዓይኑ ነው፤ ዓይኑ ሲታወር ያብዳል። እንስሳ ግን በአፍንጫው፣ በሰኮናው፣ ጀርባው ላይ ባለው ፀሐይ፣ ጆሮው ውስጥ ባለው ነፋስ ሁሉ ይማራል። አንዱ ቢጠፋበት ሌላው አለው» ይሉኝ ነበር፣ ያንን በሞራ የተሸፈነ ዓይናቸውን ወደ እኔ አዙረው።

ለመንገዱ አዲስ የሆነ አህያ ከአሮጌ አህያ ጋር ታስሮ ይሄዳል። መታጠፊያ ላይ ቆሞ ቢያሸት አይመታም። አንዱ የመታው እንደሆነ ሽማግሌዎቹ ይቆጣሉ፤ «ተወው፣ እያነበበ ነው!» ይሉታል። ቤት ሲደርስ ደግሞ ዝም ተብሎ በረት አይገባም። ግቢውን ይዞሩበታል፣ ከዚያ በሩ ላይ ያቆሙትና ባለቤቱ በራሱ መዳፍ ጨው ያልሰዋል። «እግሩ መንገዱን ይይዛል፣ ምላሱ በሩን ይይዛል። ከዚያ ወዲያ የትም ጣለው፣ ይመጣል።» እኔም ይህን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር፤ በቆሎዬን እየፈለፈልኩ የጨው ጣዕም አፌ ላይ ይመጣብኛል።

እዚያ ላይ ቢያቆሙ ምን ነበረበት! አንድ ምሽት ግን አባቴ ለጨዋታ ብሎ «አባባ፣ በመኪና የተጫነውስ አህያ? እሱስ እንዴት ይማራል?» አላቸው። አቦይ ምርኩዛቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«አይማርም» አሉ። «አንድ ነጋዴ ነበር፤ ከራያ አህያ ገዝቶ በመኪና ጭኖ ቁሓ አመጣ። መልካም አህያ ነበር፣ ጉልበታም። ሲያወርዱት ጆሮውን አቆመ፣ መሬቱን አሸተተ፤ ምንም የለም። ትናንት የረገጠው መሬት የት ሄደ? ዛሬ የቆመበትስ ከየት መጣ? መሃሉ ተቆርጧል። በማግስቱ ገመዱን በጥሶ ወጣ። ወደ አገሩ እንዳይመለስ መንገዱን አልረገጠውም፤ ወደ አዲሱ ጌታው እንዳይመለስ በሩን አልላሰውም። ግንባሩ ወደ ዞረበት ዝም ብሎ ሄደ።»

«ከዚያስ?» አልኩ።

«ከዚያማ ጅብ አለ፣ ጓለይ።» ጓለይ ማለት ልጄ ማለት ነው፤ በስሜ የሚጠሩኝ አልፎ አልፎ ነበር።

አባቴ ሳቀ። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባል የለ? እሱም እኮ አገሩን ሊስት ይችላል!»

«እሱ ተረት ነው» አሉ አቦይ። «ጅብ የማያውቀው አገር የለም። መንገዱን የተማረው ግልገል ሳለ ከእናቱ ኋላ እየሄደ ነው፤ እናቱም ከእናቷ። እናንተ ቤት ብትሠሩበት፣ አስፋልት ብታለብሱት፣ እሱ ያንኑ መንገዱን ነው የሚያውቀው። ደግሞ ማንን እንደሚበላ ያውቃል። የሰፈሩ አህያ ሲሄድ እግሩ ይናገራል፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ አይዛነፍም። መንገድ የሌለው ግን ይሄዳል፣ ይቆማል። ይዞራል፣ ይመለሳል። ጅብ ያንን ከሩቅ ይሰማዋል።»

አቤት የዚያን ቀን! ጋቢ እስከ አናቴ ተከናንቤ፣ ጉልበቴን አገጬ ሥር ቀብሬ፣ መንገድ ላይ የሚያልፈውን ኮቴ ሁሉ ስቆጥር አመሸሁ። እንዲያም ሆኖ ያኔ የፈራሁት ለአህያው ነበር። እውነተኛው ፍርሃት የመጣው ከሰነበተ በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በረንዳችን ላይ ነው።

የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ነበር። አቦይ ከክፍላቸው ወጥተው ወደ ሽንት ቤት ይሄዳሉ። ቀና ብዬ አላየኋቸውም፤ ምርኩዛቸውን ብቻ ነው የሰማሁት። ጠቅ፣ ጠቅ አለ። ቆመ። ዞረ። ጠቅ አለና ተመለሰ። እንደገና ቆመ። እርሳሴ ከእጄ ወደቀ። ቀና ስል የከሰል ማስቀመጫው በር ላይ ቆመው እንጨቱን በእጃቸው ይዳብሳሉ።

ክው አልኩ። ለካ እሳቸውም በመኪና ነው የመጡት! መስኮቱ ተሸፍኖ፣ ከቁሓ እስከ ዓይደር አንዲት መሬት ሳይረግጡ። ግቢውን ማንም አላዞራቸውም፤ በሩ ላይ ማንም ጨው አላላሳቸውም። ማታ ወጥ ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። «እማዬ፣ አቦይን ጅብ ሊበላቸው ነው። እንደ አህያው...» ዐረፍተ ነገሩን አልጨረስኩትም፤ ክንዴን ይዛ ቆነጠጠችኝ። «አባቴን ነው ከአህያ የምታስተካክይው? አንቺ ባለጌ!» ከንፈሯ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን ጊዜ ተቆጥታ መሰለኝ።

እየዋለ ሲያድር ነገሩ ብሶ መጣ። አቦይ እኔን በእናቴ ስም ይጠሩኝ ጀመር። ራት በልተን ስንጨርስ ጋቢያቸውን አጣፍተው ይነሱና «በሉ መሸ፣ ወደ ቤት እንሂድ» ይላሉ። አባቴ «ቤት እኮ ነው ያሉት፣ አባባ» ሲላቸው «ሕራይ፣ እሺ» ብለው ይቀመጣሉ፤ ለእንግድነታቸው ሲሉ እንጂ አምነው እንዳልሆነ ፊታቸው ያስታውቃል። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የማዳምጠው ምርኩዛቸውን ነበር። ድምፁን ከሰማሁ እተነፍሳለሁ፤ ካልሰማሁ እየሮጥኩ ክፍላቸውን እከፍታለሁ።

ክረምት ገባ። ውኃ ከቧንቧ ከጠፋ ሰንብቶ ነበርና አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቦቴ መጣ ተብሎ ሰፈሩ ሁሉ ጀሪካን አንጠልጥሎ ወጣ። የእኛም ግቢ በር ወለል ብሎ ተከፈተ፤ የሚገባው ይገባል፣ የሚወጣው ይወጣል፣ ሴቶቹ ስለ ወረፋ ይጨቃጨቃሉ፣ ውኃው ይፈሳል፣ ልጆች ጭቃው ላይ ይጫወታሉ። ያ ሁሉ ግርግር አልፎ እናቴ «አቦይ፣ ሻይ ላፍላልዎት?» እያለች ስትገባ ክፍሉ ባዶ ነው። ጋቢያቸው የለም። ምርኩዛቸው የለም። ጫማቸው ግን አልጋው ሥር፣ ጎን ለጎን ተቀምጧል።

«ዋይ አነ!» ብላ የጮኸችው ጩኸት ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ፤ ወየው ለእኔ ማለቷ ነው። ጎረቤቱ ከነጀሪካኑ ተበተነ። አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሌላው ወደ ሆስፒታሉ በር፣ ሌላው ወደ ሚኒባሶቹ ማቆሚያ። አባቴ ከሥራው እየሮጠ መጣ። ማንም አላያቸውም። ደመናው ከምሥራቅ በኩል ጠቁሮ ወርዷል፣ ነጎድጓዱ ያጉረመርማል፣ ቀኑም መሽቷል ለማለት ትንሽ ነው የቀረው። ጎርፍ የሚወርድባቸው ቦዮች ነበሩ፣ ጥልቅ፣ ድልድይ የሌላቸው፤ ሁሉም ያንን እያሰበ ማንም በአፉ አይለውም። እኔ በሩን ተደግፌያለሁ። ጭንቅላቴ ውስጥ ያ አህያ ግንባሩ ወደ ዞረበት ይሄዳል፣ ይሄዳል።

ከዚያ መጣልኝ። አቦይ አህያ አይደሉም፤ አፍ አላቸው። አፍ ያለው ሰው መንገድ ይጠይቃል። ግን የእኛን ቤት ምን ብለው ይጠይቃሉ? ስሙን አያውቁትም። እግራቸው የሚያውቀው፣ ስሙንም የሚያውቁት፣ ከተማው ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ ነው።

«ጨው ተራ ናቸው!» አልኩ። «እማዬ፣ ጨው ተራ! አሞሌ የሚያራግፉበት!»

አባቴ እናቴን አየ። እናቴ እኔን አየች። እጄን ይዛ መንገድ ወጣችና ባጃጅ አስቆመች።

ጨው ተራ ስንደርስ ዝናቡ ጀምሯል። አንዲት ሻጭ ጆንያዎቿን በላስቲክ ስትሸፍን አገኘናት። «ባዶ እግራቸውን የሆኑ ሽማግሌ?» አለች። «አዎ፣ እዚህ ነበሩ። ግመሎቹ ገቡ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ግመል ቀረ እኮ አባቴ፣ አሁን ጨው በመኪና ነው የሚመጣው ብላቸው ክፉኛ ደነገጡ። አሳዘኑኝና ቁራጭ አሞሌ ሰጠኋቸው። ወደ ቁሓ ነው የወጡት፣ በዚያ በዳገቱ በኩል።»

እንደ ልብ መሄድ የለም፤ ዝናቡ የባጃጁን መስታወት ጋርዶታል፣ ሸራውን አልፎ ይገርፈናል። ሹፌሩ ጠና ያለ ሰው ነበር፤ እያዘገመ፣ በሁለቱም ወገን እያየ ይነዳል። እናቴ ስዕለት ትሳላለች። አባቴ አንገቱን አውጥቶ «አባባ! አባባ!» እያለ ይጣራል። እኔ ዓይኔን ለመግለጥም ለመጨፈንም ፈርቼ ነበር፤ ብገልጥ የማየውን፣ ብጨፍን የሚታየኝን። ዳገቱ ሥር፣ የእግር መንገዱ ከአስፋልቱ የሚለይበት ላይ፣ ሹፌሩ ፍሬን ያዘ።

የድሮው የአርሖ መንገድ በዚያ ነበር የሚያልፈው። አሁን ግን አዲስ የብሎኬት አጥር ረጅም ሆኖ ድርግም አድርጎ ዘግቶታል። አቦይ አጥሩ ፊት ቆመዋል። ጋቢያቸው ከገላቸው ጋር ተጣብቋል። አንዱን መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው፣ በሌላው እጃቸው ምርኩዛቸውን ይዘው ብሎኬቱን ቀስ እያሉ ይነካሉ፤ ጠቅ። ይቆማሉ። ጠቅ። ከአጥሩ ጥግ እስከ ጥግ ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ እግዜር ይወቀው፤ ጭቃው የባዶ እግራቸው ዱካ ተደራርቦበት ተቦክቷል።

አባቴ ሮጦ ደረሰና ትከሻቸውን ያዘ። ወደ እሱ ዞሩ። «መን ኢኻ?» አሉት በትግርኛ፤ ማነህ አንተ? አባቴ ያንን ለመረዳት ትግርኛ አላስፈለገውም፤ ትከሻቸውን ለቀቀ። እናቴ «አቦይ፣ እኔ ነኝ» ስትላቸው ፊቷን በእርጥብ እጃቸው ዳበሱና «መንገዱን ዘጉት» አሏት፣ እንደ ልጅ ስሞታ። ከዚያ እኔ ላይ ደረሱ። ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን አጠበቡ።

«ጓል መን ኢኺ?» የማን ልጅ ነሽ?

ጅብ ቢመጣ የዚያን ያህል አልደነግጥም። የማን ልጅ ነኝ? በዚያች ቅጽበት እኔም የማላውቀው መሰለኝ። እሳቸውን ጅብ ይበላቸዋል እያልኩ ስፈራ ኖሬያለሁ፤ እኔ ከእሳቸው ውስጥ ልጠፋ እንደምችል ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

ከዳገቱ በላይ ጅብ ጮኸ። እውነቴን ነው፣ ተረት አላበጅም፤ ክረምት ሲሆን ቶሎ ነው የሚወጡት። ሹፌሩም ሰምቷል፤ «ኧረ እንሂድ፣ ወንድሜ! እዚህ አይቆምም» አለ። አባቴና እናቴ አቦይን ግራና ቀኝ ይዘው ወደ ባጃጁ ወሰዷቸው። እግራቸው የባጃጁን ወለል እንደነካ ሁለቱንም ክንዳቸውን በሩ ላይ ገትረው ጮኹ። ጨው ሜዳ ወርደው የወጡት ሰው፣ በሕይወቴ ሲጮኹ ሰምቻቸው የማላውቅ፣ እንደ ሕፃን ጮኹ። አባቴ አጠንክሮ ገፋ፤ እሳቸውም አጠንክረው ተገተሩ።

«አትጫኗቸው!» አልኩ። ድምፁ ከየት እንደወጣ አላውቅም። «በመኪና አይሆንም! በእግራቸው ይምጡ!»

አባቴ መግፋቱን ተወ። እናቴ አየችኝ፤ ያቺ አባቴን ከአህያ አስተካከልሽ ብላ የቆነጠጠችኝ እናቴ። ፊቷ ላይ የሚወርደውን በእጅጌዋ ጠረገች። «ወንድሜ» አለችው ሹፌሩን፣ «መብራትህን አብራና ከኋላችን ቀስ እያልክ ተከተለን። እንሄዳለን።»

እንዲህ ሆነን ወደ ዓይደር በእግር ተመለስን። አቦይ ከፊት፣ እኔ ምርኩዝ በሌለበት በኩል እጃቸውን ይዤ፣ እናቴና አባቴ ከኋላ፣ ባጃጁ ደግሞ ከሁሉም ኋላ መብራቱን ጭቃው ላይ እየጣለ። ጅቡ እንደገና ጮኸ፤ ከበፊቱ የቀረበ መሰለኝ። የአቦይን ምርኩዝ ነው የሚያዳምጠው ብዬ አሰብኩና አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ምርኩዛቸው መሬት በነካ ቁጥር እኔም እግሬን ጠበቅ አድርጌ አብሬ እረግጥ ጀመር፣ መንገድ የምታውቅ እንድመስል። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ጥርሴ ግን ይንገጫገጭ ነበር።

በየመታጠፊያው አቦይ ይቆማሉ። እርጥቡን ግንብ ይነካሉ፣ ያሸታሉ፣ የወፍጮ ቤቱን ድምፅ ያዳምጣሉ። አንዱ ጥግ ላይ ሲዘገዩ አባቴ ትዕግሥቱ አልቆ ክንዳቸውን ሳብ አደረገ። እናቴ እጁን ያዘችው።

«ተዋቸው» አለችው ቀስ ብላ። «እያነበቡ ነው።»

ያኔ ነው እነዚያን ወሬዎች እሷም በልጅነቷ፣ በእኔ ዕድሜ፣ ቁሓ ላይ እሳት ዳር ተቀምጣ እንደሰማቻቸው የገባኝ። እኔ የፈራሁትን እሷ ከእኔ በፊት ፈርታው ኖሯል። ለካ የቆነጠጠችኝ ለዚያ ነው።

ግቢያችን በር ስንደርስ ጨልሞ ነበር። አባቴ በሩን ሊከፍት ሲል «ቆይ» አልኩት። ከአቦይ ጋቢ ጫፍ፣ ከቋጠሩበት፣ ያንን ቁራጭ አሞሌ ፈትቼ ወሰድኩ፤ ዝናቡ አሟሙቶት ሳሙና መስሏል። በጥፍሬ ፋቅሁና መዳፌ ላይ አደረግሁት። መዳፌን ወደ አፋቸው ዘረጋሁ። አቦይ መዳፌን በጣታቸው ዳበሱ። በሩን ዳበሱ። ከዚያ ጎንበስ አሉና ጨዉን በከንፈራቸው አነሱት። ጢማቸው መዳፌን ኮሰኮሰው።

ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ አንድ ነገር መጣ። «አህያ አደረግሽኝ እንዴ፣ ጓለይ?» አሉ።

ሁላችንም በአንድ ጊዜ ሳቅን፤ ያ ግን ሳቅ ብቻ አልነበረም። ሹፌሩ እንኳ መብራቱን ሳያጠፋ ቆሞ ዓይኑን ያሻል።

ዳኑ ብዬ አልዋሽም። ስሞቻችን አንድ በአንድ ከእሳቸው ወጡ፤ መጀመሪያ የአባቴ፣ ቀጥሎ የእኔ፣ መጨረሻ የእናቴ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴና እኔ ጠዋት ጠዋት በእግር ይዘናቸው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ እየወጣን እንመለስ ነበር። በሩ ላይ ሁልጊዜ ቆም ብለው መዳፌን ይጠብቃሉ። እየዋለ ሲያድር ብቻቸውን ሄደው ብቻቸውን የሚመለሱ ሆኑ፤ ወደ ቤት እንሂድ ማለቱንም ተዉት። «ጓል መን ኢኺ?» እያሉኝ እንኳ በሩን አልሳቱም። ያረፉትም እዚያው አልጋቸው ላይ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ነው።

እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፤ ዛሬ አህያ በአይሱዙ ሲያልፍ አልሮጥም። ፊቴን አዞራለሁ እንጂ። ቤት በተከራየሁ ቁጥር ግን መጀመሪያ በእግሬ እሄድበታለሁ፤ ሰው ሲጠይቀኝ ለስፖርት ነው እላለሁ። ከእነዚያ ምሽቶች ምን ቀረልሽ ብባል የማስታውሰው ደማምን ወይም ነጩን ነፋስ አይደለም፤ ምርኩዝ ሲሄድ፣ ሲቆም፣ ሲመለስ ነው።

ባለፈው ክረምት፣ አባቴ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን የነበረችውን እናቴን ወደ እኔ አመጣኋት። ቤቴ ከከተማው በስተ ሰሜን ነው፣ ወደ ውቅሮ በሚያወጣው መንገድ በኩል። ዕቃ ብዙ ነበርና ኮንትራት መኪና ያዝን፤ እሷ ከኋላ በሻንጣና በትራስ መሃል ተቀምጣ አሸለበች። ስንደርስ ቀሰቀስኳት። ወረደችና ቆም አለች። ፊቷን ወዲያ ወዲህ አዞረች።

«በየት ነው የመጣነው?» አለችኝ።

«በአስፋልት ነዋ፣ እማማ!» አለ ሹፌሩ እየሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ሻንጣውን እዚያው መሬት ላይ ተውኩት።

«እማዬ፣ ነይ እስኪ» አልኳት። «እስከ ታክሲ ማቆሚያው ሄደን በእግራችን እንመለስ።»

ለአፍታ ያልገባት መሰለች። ከዚያ ፊቴን አየች፣ ረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ነጠላዋን አጣፋችና እጇን ሰጠችኝ።

«ቤትሽ ጨው አለ?» አለችኝ።